የቡርቃ ጨፌ ቆጠራ

ኮዬ ፈጬ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቻምየለሽ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኔና ጠጄ ፈጣሪ ይመስገን እንዳለን አለን። ደብዳቤሽን ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ከአርባ ምንጩ አውቶቡስ ሾፌር ከወንድዬ እጅ ተቀበልኩ። ሰው ሁሉ ከአውቶቡሱ ሻንጣና ሙዝ ሲያወርድ እኔ አንዲት ፖስታ ይዤ ስመለስ ረዳቱ ሳቀብኝ። ይሳቅ። የሳንባ በሽታ መርፌ ጆሮዬን ከወሰደው ወዲህ ስልክ ለእኔ ድንጋይ ነው። በስልክ የሚጻፈውም ፊደል ለዓይኔ ደቀቀብኝ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩትን ፊደል ለአንቺ ብዬ በስተርጅና አደስኩት።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ዘንድሮ ያለ አንቺ መቁጠር እችል እንደሆነ ነው የጠየቅሽኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጥር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ አንቺ በመነጽር እኔ በዓይኔ፣ ቡርቃ ጨፌ ዳር ቆመን ኩርኪ የሚባለውን ወፍ ቆጥረናል። መጀመሪያ ስትመጪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሽ። ቦቲሽ ረግረጉ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቶ በካልሲ ነው ቤቴ የገባሽው። ያን ጊዜ እነዚያ አመድማ ባለረጅም እግሮች ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ነበሩ፤ «አባባ፣ ከየት ነው የመጡት መሰለዎት?» ብለሽኝ «ከባሌ ይሆናል» ስልሽ መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ሳቅሽ።

እሺ፣ ዘንድሮም ቆጥሬአለሁ። ኩርኪ ስድስት መቶ አሥራ አንድ። ዝይ አሥራ ሁለት። እንዲህ ብለሽ መዝግቢው።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሻል። ያው ዘበኛ ነኝ። ሽምብራ እዘራበት የነበረውን መሬት ነው የምጠብቀው፤ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ነዋሪዎቹ ደግ ናቸው፣ ለበዓል ይጠሩናል። ልጄ ጂራታም ሥራ ይዟል፣ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

መስከረም ላይ ሳትሰናበቺን መሄድሽን ጠጄ ታነሳዋለች። እኔ አላነሳም። የመንግሥት ምደባ ጊዜ አይሰጥም።

ሰላም ሁኚልኝ።
ሰቦቃ


አርባ ምንጭ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለአባባ ሰቦቃ፣

ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ለእማማ ጠጄም የናፍቆት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ሳልሰናበት መሄዴን ቢያነሱብኝ እውነት አላቸው። እንዴት እንደምጽፈው ሳስብ ስንት ወረቀት ቀደድኩ።

ቁጥርዎ ሲደርሰኝ ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከደስታ ነው። አምና አብረን ስንቆጥር ስድስት መቶ አራት ነበሩ። በየዓመቱ ሲቀንሱ ኖረው ዘንድሮ ሰባት ጨመሩ ማለት ነው! በአዲስ አበባ ዙሪያ ስላሉት ጨፌዎች የምጽፈው ጥናት አለ፤ የትኛው ፍጥረት የት እንደነበረ፣ የትኛው እንደቀረ፣ ምን እንዳጠፋው የሚዘረዝር። የቡርቃ ገጽ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ዛሬ ሞላሁት።

ስለ ተማሪዎቼም ልንገርዎት። ጎበዞች ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ደጋችንን እንደ ደሴት አድርጌ ሳልኩላቸው። ዙሪያውን ቆላና በረሃ፣ መሀሉ ላይ ብርድ። ክንፈ ሰማያዊዋ ዝይ እዚያ ደሴት ላይ ተወልዳ እዚያው የቀረች ናት፣ በዓለም ላይ ሌላ አገር የላትም አልኳቸው። አዚዛ የምትባል ልጅ እጇን አወጣችና «ታዲያ እዚህ ካለቀችስ?» አለችኝ። «እዚህ ካለቀች አለቀች ነው» አልኳት። ኩርኪዎቹ ግን እንግዶች ናቸው፤ ከሩሲያ ሜዳ ብርዱን ሸሽተው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይደርሳሉ፣ መጋቢት ላይ ይመለሳሉ፤ ክረምት ላይ የሚፈልጋቸው ሰው አንድም አያገኝም አልኳቸው። ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ፤ ተማሪዎቹ ጉንፋን መሰላቸው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ስድስት መቶ አሥራ አንዱ የት ነው የሚያድሩት? የኮዬ ማሳ ሁሉ ቤት ከሆነ ቀን ቀን ምን ይበላሉ? ሌሎቹ ደግሞ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ የነበሩት፣ በምን ቅደም ተከተል ነው የጠፉት? እንደሚያስታውሱት ይጻፉልኝ።

በደብዳቤዎ ጀርባ በእርሳስ ጽፈው በላጲስ ያጠፉትን ጥያቄ ወረቀቱን ወደ መስኮት አዙሬ አነበብኩት። መልሱን ዛሬ መጻፍ አልቻልኩም። አይቀየሙኝ።

ልጅዎ አቻምየለሽ


ኮዬ ፈጬ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቻምየለሽ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አለፈው። ታምሜ አይደለም፣ ጠጄም ደህና ናት። ወንድዬ ባገኘኝ ቁጥር በእጁ «መልስ የለም?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ያሳፈርኩሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ።

የት እንደሚያድሩ ጠይቀሻል። ወደ ታች፣ ወደ ውሃው ነው። ምን እንደሚበሉ ጠይቀሻል። ያገኙትን። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ሌላውን ግን አውቀዋለሁ። ተማሪዎችሽ «ማን ፈጃቸው?» ካሉሽ የአንድ ሰው ስም አትንገሪያቸው። መጀመሪያ የሄደው እንቁራሪት ነው። ጂራታ ገና ሕፃን ሆኖ በእግሩ ሳይሄድ ነው፤ ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር። ዝናቡ ጥሎ ካባራ በኋላ ጠጄ በር ላይ ቆማ «ዛሬ ምን ነካቸው?» አለችኝ። እውነትም ጨፌው ዝም ብሏል። ወንዙ ከከተማው እየተሸከመ የሚያመጣው ነገር ቀለሙን ቀይሮት ነበር፤ አንዳንድ ቀን እንደ ብርቱካን፣ አንዳንድ ቀን እንደ ቀለም ውሃ ይሆናል። ከዚያ አምባዛው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ሽመላው ዓሣና እንቁራሪት ሲያጣ አንድ ሁለት ዓመት በባዶ ተመላልሶ ቀረ።

አራተኛውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እናንተ ማጌት የምትሉት፣ እኛ ሲዲሳ የምንለው ሣር በማሳዬ ዳር እንደ ምንጣፍ ነበር። ፀረ አረም መጣ፤ በጀርባዬ አዝዬ ረጨሁ፤ ስንዴዬም አማረልኝ። ሲዲሳው ነደደ። በሲዲሳው ሥር ትቢያ ላይ ጎጆ የምትሠራ ደረቷ ቢጫ ወፍ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት አልመጣችም፤ በሚቀጥለውም። ስሟን እንኳ ከአንቺ ነው የሰማሁት፤ እሷም እንደ ዝይዋ ሌላ አገር የላትም ብለሽኛል። እኔ ግን ያን ዓመት ስንዴውን ብቻ ነበር የማየው።

ኩርኪን ደግሞ እንደ ሌባ ነበር የምንጠብቀው። ሽምብራ ሲያፈራ በጠዋት ደርሶ ይለቅመዋል፤ እኛ በወንጭፍ እናባርራለን። ማሳው ቤት ሲሆን ሌባውም የሚሰርቀው አጣ። የመብራት ሽቦው ደግሞ ወዲያና ወዲህ ተዘረጋ፤ ጉም ባለበት ጠዋት አይታያቸውም።

ስለ ጂራታ እጽፍልሻለሁ ብዬሽ ነበር። መኪና ይነዳል፣ ትልቅ መኪና። ሴት ልጅ ወልዶ ሮሪሳ አላት።

ሰላም ሁኚ።
ሰቦቃ


አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ሰቦቃ፣

የሮሪሳን እናት እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እንኳን ለአያትነት በቃችሁ! ትንሽ ካልሲ ልኬአለሁ፤ ወንድዬ እንዳይረሳው ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ከሀዋሳ ገና መመለሴ ነው። ጨፌዎችን የሚታደግ ገንዘብና ሕግ ያላቸው ሰዎች ስብሰባ ነበር፤ ሊጠፋ የደረሰ ቦታ መርጠው ዘብ ያቆማሉ፣ አፈር እንዳይሞላበት ያስከለክላሉ። ጥናቴን አቀረብኩ። «የዚህን ጨፌ ቁጥር ማን ነው የሚሰበስበው?» ሲሉኝ «ዘጠኝ ዓመት አብሬው የቆጠርኩ፣ አንዲት ወፍ የማይጨምር ሰው ነው» አልኳቸው። አዳራሹ ውስጥ የእርስዎ ስም ተጠራ።

ሦስት ቦታ ተመረጠ። ቡርቃ አልተመረጠም። ሰብሳቢው «ይሄኛው እኮ አልቀነሰም፤ የባሰበት ይቅደም» አሉ፤ እኔም ተስማማሁ። ከአደጋ ዝርዝር ውጭ መሆን ትልቅ ነገር ነው፣ አባባ። ከመስከረም ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ አንድ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ አንድ ቀን እነግርዎታለሁ። የእርስዎ ቁጥር ትንሽ አቀለለልኝ።

ክረምቱ እንዴት ነው? ጨፌው ሞልቷል?

ልጅዎ አቻምየለሽ


ኮዬ ፈጬ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሰላምታውን ዛሬ ተይው። ሰላምታ ከጀመርኩ ወደ ነገሩ ሳልደርስ ወረቀቱ ያልቅብኛል።

ስድስት መቶ አሥራ አንድ ውሸት ነው። ጥር ላይ አንድ ኩርኪ አላየሁም። ዝይም አላየሁም። ጨፌው ሞልቷል ወይ ብለሽኛል፤ አዎ ሞልቷል፣ በአፈርና በድንጋይ። ኩርኪዎቹ ኅዳር መግቢያ ላይ መጥተው ነበር። መኪናዎቹ መገልበጥ ሲጀምሩ ተነሥተው ሄዱ። በታኅሣሥ ግማሹ ቀይ አፈር ሆነ። መጋዘን ይሠራበታል አሉ። ለቆጠራው ቅዳሜ ሄጄ የቆምኩት ግሬደር ሲደለድል ለማየት ነው።

የማላየውን ቁጥር ከልቤ አውጥቼ መጻፍ አልቻልኩም፤ እጄ እምቢ አለኝ። የምጠብቀው ግቢ ውስጥ ቆሜ የብሎኮቹን መስኮት ቆጠርኩ። ሽምብራው የነበረበት ላይ ያሉትን ብቻ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሆኑ። እሱን ጻፍኩልሽ።

ጂራታ የሚነዳው ሲኖትራክ ነው። ከሕንፃ መሠረት ጉድጓድ አፈር ጭኖ ቡርቃ ላይ የሚገለብጠው እሱ ነው። ምን ብዬ ልከልክለው? ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ መሬት አላወረስኩትም፤ «አባ፣ እኔ ባልነዳው ሌላ ይነዳዋል» አለኝ፤ ሐሰት የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ሲመጣ ጫማውን ውጭ አውልቆ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ለመደ።

የሀዋሳውን አነበብኩ። ተራችንን ለሌላ ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። ጠጄ «ጻፍላት» ብትለኝ ጊዜ ነው ይህን የጻፍኩት፤ እንጂ እንዲሁ በልቤ ይዤው ልሞት ነበር።

ሰቦቃ


አርባ ምንጭ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ ሰቦቃ፣

ጥናቴን መልሼ ወስጃለሁ። በገዛ እጄ «የቡርቃው ቁጥር የተሳሳተ ነው» ብዬ ለሁሉም ጻፍኩ። «የዘጠኙ ዓመት ቁጥርስ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? ያኛው እውነት ነው፣ ይሄኛው ብቻ ነው ውሸቱ ልበላቸው? እርስዎን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ?

በጥር እውነቱን ቢጽፉልኝ ኖሮ እጮህ ነበር። ገና ግማሹ ይተርፍ ነበር ይሆናል። ሰባት ወር ሙሉ እኔ እዚህ ለተማሪዎች ስለ ቡርቃ እየተኩራራሁ ሳወራ፣ እዚያ ልጅዎ አፈር ይደፋበት ነበር፤ እርስዎም ቆመው ያዩ ነበር።

ለምን? ይህን ብቻ ይመልሱልኝ። ለምን?

አቻምየለሽ


ኮዬ ፈጬ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቻምየለሽ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። ልጅ አባቱን እንዲህ ሲቆጣ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለምን ስላልሽ ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ብቀር ይሻል ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ወረዳው አዳራሽ ሰብስበውን ነበር። አንድ ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ ስለ መጋዘኑ ያነብባል። እኔ አልሰማም፤ ጂራታ አጠገቤ ሆኖ የሚባለውን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ይጽፍልኛል። «ሥራ ይገኛል» ብሎ ጻፈ። «መንገድ ይሠራል» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ጥናት ተጠንቷል፣ ወፍ የለም ይላል» ብሎ ጻፈ። እኔ ተነሣሁ። ድምፄን መመጠን ስለማልችል ጮኼ ነው መሰለኝ ሰዉ ሁሉ ዞረ። «ማነው የለም ያለው?» አልኩ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ ወረቀቱን አምጥቶ ሰጠኝ። «አንብቡት አባት፣ ባለሙያ ነው የፈረመችው» አለኝ፤ ይህንንም ጂራታ ነው የጻፈልኝ።

ሐምሌ 2015 ይላል። ከታች ስምሽ አለ። ፊርማሽን አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ከፊርማዬ ሥር ስትፈርሚ አይቻለሁ፣ መጨረሻው ላይ እንደ መንቆር ወደ ላይ ታነሺዋለሽ።

ቤት ገብቼ ለጠጄ ነገርኳት። «ሞክሼዋ ትሆናለች» አለች። «ትሆናለች» አልኩ። ይኸው አንድ ዓመት እንደዚያ እያልን ነው የኖርነው።

ታዲያ በጥር «ስንት ናቸው?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «የለም» ብዬ ብጽፍልሽ ያንን ወረቀት እኔም የፈረምኩበት መሰለኝ። የለም ያልሽው ነገር እውነት ሊሆንልሽ ነው። አለ ብዬ ብጽፍ ግን፣ አለ ያልኩትን ልትቆጥር ትመጣለች፤ አፈሩን ስታይ ደግሞ ትጮኻለች አልኩ። አልመጣሽም፤ አመንሽኝ። ይህን አላሰብኩም ነበር።

በእርሳስ ጽፌ ያጠፋሁት ጥያቄ «ሐምሌ ላይ ጨፌው ዘንድ መጥተሽ ነበር ወይ?» የሚል ነው። ብትመልሺም ባትመልሺም አዲሱን ዓመት በሰላም ያድርስሽ።

ሰቦቃ


አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ሰቦቃ፣

መጥቼ ነበር።

ይህን ለመጻፍ አርባ ቀን ወሰደብኝ። ያለፈውን ደብዳቤዬን ወንድዬ መልሶ ቢያመጣልኝ ብዬ ተመኘሁ። በእርስዎ ላይ የጮኽኩት የራሴን እያወቅሁ ነው፤ ይህን ማሰብ ነው የሚገድለኝ።

ሐምሌ 2015 ላይ አንድ አጥኚ ድርጅት ለሦስት ቀን ሥራ ጠራኝ። ቦታው ቡርቃ መሆኑን መኪና ውስጥ ስገባ ነው ያወቅሁት። «በክረምት ኩርኪ አይገኝም፤ በበጋ ተመልሰን እንይ» አልኩ። ኃላፊው «ጻፊው፣ እናካትተዋለን» አለኝ። ሦስት ቀን በዝናብ ቆምኩ። ቤትዎ ከቆምኩበት ሃያ ደቂቃ ነበር፤ አልመጣሁም፤ ዓይንዎን ማየት ፈራሁ። በሦስተኛው ቀን ከሸምበቆው ውስጥ የዝይዋን ፉጨት ሰማሁ። ውሃው ደረት ድረስ ስለነበር ገብቼ አላየኋትም። ያላየሁትን አልጽፍም ብዬ ተውኩት። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው!

«በበጋ ይደገም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። የመጨረሻው ቅጂ ለፊርማ ሲመጣ የለም። ኃላፊውን «የት ሄደ?» አልኩት። «ለማጽደቅ ነው፣ በኋላ በአባሪ ይገባል፤ ሰዓት የለንም» አለኝ። በሩ ላይ ሾፌር ይጠብቅ ነበር። ፈረምኩ። አባሪው እንደማይገባ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። አስቸጋሪ ባለሙያ ናት እንዳልባል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። መስከረም ላይ ምደባ የጠየቅሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሩቅ ቦታ ስጡኝ ብዬ። በጥር የጻፍኩልዎ ኩርኪዎቹ አሁንም አሉ እንዲሉኝ ነበር። እርስዎም አሉልኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ መጥቼ ሳላይ አመንኩዎት፤ ማመኑ ነበር የሚመቸኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ሄጄ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገባሁ፦ ጥናቱ በተሳሳተ ወቅት የተሠራ ነው፣ ያንንም እያወቅሁ ፈርሜአለሁ፣ ብዬ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አነበበችው። «እርግጠኛ ነዎት? ማኅተም ካረፈበት በኋላ አይመለስም» አለችኝ። «ይረፍበት» አልኳት። ከባለሙያዎች ዝርዝር ስሜ ይሰረዛል፤ ዩኒቨርሲቲውም ጉዳዩን ያያል። ያም ሆኖ ከጨፌው አንድ አካፋ አፈር አያነሳም፤ ይህን አውቃለሁ።

በዚያው ቀን እስከ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ መጥቼ ነበር። ወረድኩ። ወደ ኮዬ የሚሄደውን አውቶቡስ ሰልፍ ያዝኩ፣ ተራዬ ሊደርስ ሲል ወጣሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ፊት የለኝም። ጥር ላይ ብመጣ ግን በር ይዘጉብኛል?

አቻምየለሽ


ኮዬ ፈጬ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቻምየለሽ፣

እንደምን አለሽ? እኔ፣ ጠጄ፣ ጂራታ፣ ሚስቱና ሮሪሳ ደህና ነን። ሮሪሳ ሁለት ጥርስ አብቅላለች።

ስለ በሩ የጠየቅሽውን ጠጄ ትመልስልሽ ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። መጻፍ አትችልም። «ሰልፉን ጥላ በወጣችበት ቀን እኔ ሽሮ ሠርቼ ነበር፣ ተርፎ ለጎረቤት ሰጠሁት በላት» አለችኝ። ይኸው ብያለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ኅዳር 9 ቀን ሰኞ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የብሎኩ ልጆች ሁሉ ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ። ቀና አልኩ። ኩርኪዎቹ መጥተዋል። በመስመር ሆነው ከሰሜን ነው የመጡት፣ ዝቅ ብለው። ዘበኝነቱን ትቼ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! ቡርቃ ስደርስ ከመጋዘኑ ምሰሶዎች በላይ ይዞራሉ። አንድ ጊዜ ዞሩ፣ እግራቸውን ወደ ታች አወረዱ፣ መልሰው ሰበሰቡ። እንደገና ዞሩ። ሰባት ጊዜ ዞሩ። ታውቂያለሽ፣ አሮጌዎቹ ናቸው ወጣቶቹን የሚመሩት፤ አሮጌዎቹ ደግሞ ቦታው እዚህ እንደነበር ያውቃሉ። ያወቁትን ሲያጡት አየሁ። ሠራተኞቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። አንዱ ይስቅ ነበር፤ ኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ጂራታ አፈር ጭኖ ይመጣ ነበር። መንገዱ መሀል ላይ ሲኖትራኩን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው አራት መኪና ቆመ። ፎርማኑ ሶሬሳ መጥቶ እጁን ያወናጭፋል፤ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ጂራታ ምን እንደመለሰም አልሰማሁም። በኋላ ስጠይቀው «'እስኪሄዱ' ነው ያልኩት» አለኝ። ከጋቢናው ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ልጅ ሳለ ለወንጭፍ ድንጋይ ያቀብለኝ ነበር።

በስምንተኛው ዙር ከዳር ያለው አንዱ ሽቦውን መታ። እንደ ጨርቅ ነው የወደቀው። ሌሎቹ አንድ ጊዜ በላዩ አለፉና ወደ ደቡብ ሄዱ። ጂራታ ጃኬቱን አውልቆ ጠቅልሎ አመጣው። የእንስሳት ሐኪሙን ጠራን፤ «ክንፉ ከትከሻው ነው የተሰበረው፣ አይድንም» አለ። ጠጄ ሽምብራ ነክራ አቀረበችለት። ሁለት ፍሬ በላ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት አንገቱን ወለሉ ላይ ዘርግቶ አገኘነው። ጂራታ ነው የቀበረው፤ ኮዬ ውስጥ መቅበሪያ የሚሆን ሲሚንቶ ያልነካው መሬት ሲፈልግ ቆየ።

ከሥራው አልወጣም፤ እንዳይመስልሽ። ሮሪሳ ወተት ትፈልጋለች። ማክሰኞ ተመልሶ ነዳ።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውን አዲሱን የቆጠራ ቅጽ ሳይገባኝ ዝም ብዬ አስቀምጬው ነበር። ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ቦታው፣ ቀኑ፣ የወፉ ዓይነት፣ ያረፈው ብዛት ይላል። ያላረፈ የሚጻፍበት አጣሁ። ዜሮ ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር፤ ጂራታ እጄን ያዘኝ። «አባ፣ ጠርዙ ላይ ጻፈው» አለኝ፤ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ ያረፈ በሚለው ሥር ዜሮ ጻፍኩ፤ ጠርዙ ላይ «ሰባ ሦስት መጡ፣ ስምንት ጊዜ ዞሩ፣ የሚያርፉበት አጡ፣ አንዱ ሞተ፣ ሰባ ሁለቱ ወደ ደቡብ ሄዱ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ እውነተኛ ቁጥር ነው። ከፊርማዬ ሥር ጂራታ ፈርሞበታል።

ቅጹን በወንድዬ እጅ አልልከውም። መጥተሽ ውሰጂው።

ሰቦቃ